አቡበክር አር-ራዚ፦ አንዴ ታሞ የዳነ ለምን ዳግም አይታመምም?

ዓሙል ፊል፣ ማለትም የዝሆኑ ዓመት፣ በመካ ታሪክ ትልቅ ስፍራ አለው። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) የተወለዱት በዚያ ዓመት ነው። የመን ላይ ነግሦ የነበረው ሐበሻዊው አብረሃ ካዕባን ሊያፈርስ ዝሆን አስቀድሞ የዘመተውና ጦሩ የጠፋውም በዚያው ዓመት ነው። ቁርኣን በሱረቱል ፊል የዝሆኑ ባለቤቶች የደረሰባቸውን ይነግረናል። የሲራው ጸሐፊ ኢብን ኢስሐቅ ደግሞ ፈንጣጣና ኩፍኝ በዐረቦች ምድር ለመጀመሪያ ጊዜ የታዩት በዚያ ዓመት እንደሆነ የሚገልጽ ዘገባ መዝግቧል።

ከዚያ በኋላ ከሦስት መቶ ዓመታት በላይ አለፉ። ፈንጣጣና ኩፍኝም በየከተማው ሕፃናትን የሚቀጥፉ፣ ያልቀጠፉትንም ፊት የሚያበላሹና ዓይን የሚያጠፉ የታወቁ ደዌዎች ሆኑ። እነዚህን ሁለት በሽታዎች አንዱን ከሌላው ለይቶ ራሱን የቻለ ድርሳን የጻፈላቸው ታላቅ ሙስሊም ሐኪም አቡበክር ሙሐመድ ኢብን ዘከሪያ አር-ራዚ ናቸው።

አር-ራዚ በ251 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. በ865) ከዛሬዋ ቴህራን አጠገብ በነበረችው በረይ ከተማ ተወለዱ። አር-ራዚ ማለትም የረይ ሰው ማለት ነው። በወጣትነታቸው ዑድ ይጫወቱ እንደነበርና በገንዘብ ምንዛሪ ሥራ እንደቆዩ የሕይወት ታሪካቸውን የጻፉ ሰዎች ያወሳሉ። ቀጥሎ ወደ ኪሚያ አዘነበሉ፤ ማዕድናትን እየቀላቀሉና እያነጠሩ በእሳትና በጭስ መካከል ብዙ ዘመን አሳለፉ። ሕክምናን መማር የጀመሩት ዕድሜያቸው ገፋ ካለ በኋላ ነው። ዘግይተው ቢጀምሩም መጀመሪያ በትውልድ ከተማቸው፣ ኋላም በዐባሲያዎቹ መዲና በባግዳድ የሆስፒታል ኃላፊ ለመሆን በቁ።

የመጻሕፍት ዝርዝር አዘጋጁ ኢብን አን-ነዲም ስለ አሠራራቸው ጥሩ ሥዕል ትቶልናል። ሸይኹ በመካከል ይቀመጣሉ፤ ተማሪዎቻቸው ዙሪያቸውን በተርታ ይከቧቸዋል፤ ከእነዚያ ኋላ ሌሎች ተማሪዎች፣ ከእነርሱም ኋላ ሌሎች ይቀመጣሉ። በሽተኛ ሲመጣ መጀመሪያ ለዳር ተቀማጮቹ ሕመሙን ይናገራል። እነርሱ ካላወቁት ወደ ቀጣዩ ተርታ ያልፋል። ሁሉም ሲያቅታቸው ብቻ አር-ራዚ ይናገራሉ። ለድሆች ለጋስ፣ ለሕሙማን ርኅሩኅ እንደነበሩ፣ ለችግረኞች ቀለብ ይቆርጡ እንደነበርም ይኸው ጸሐፊ ይመሰክራል። ወረቀትና ብዕር ከእጃቸው አይለይም ነበር።

ከብዕራቸው የወጡት ሥራዎች ብዙ ናቸው፤ አል-ቢሩኒ ከ180 የሚበልጡ ርእሶችን ዘርዝሯል። ለረይ ገዥ ለመንሱር ኢብን ኢስሐቅ ያበረከቱት የሕክምና መጽሐፍ አል-መንሱሪ ተብሎ ይታወቃል። በአንጻሩ ደግሞ ሐኪም ማግኘት ለማይችል ሰው ራሱን በቅርብ በሚያገኘው ነገር እንዲረዳ የሚያስተምር መጽሐፍም ጽፈዋል። በፍልስፍና የያዟቸው አንዳንድ አቋሞች ከብዙ ዑለማዎች ተቃውሞ ገጥሟቸዋል። በሕክምና ግን ወዳጅም ተቃዋሚም ብልጫቸውን አልካደም።

የብልጫቸው ምንጭ የቀደሙትን ሊቃውንት እያከበሩ ቃላቸውን ሳይመረምሩ አለመቀበላቸው ነው። በዘመኑ የሕክምና ቃል ሁሉ መነሻ የግሪኩ ጃሊኑስ ነበር። አር-ራዚ የሆስፒታል ልምዳቸው ከጃሊኑስ ጽሑፍ ጋር ያልተስማማላቸውን ነጥቦች ሰብስበው አንድ መጽሐፍ አደረጉት። ዛሬ ሊቃውንት የማጅራት ገትር ነው በሚሉት ሲርሳም በተባለው ሕመም ላይም ሙከራ አድርገዋል። የሕመሙ ምልክት ከታየባቸው ሰዎች ከፊሎቹን ደም በማፍሰስ አከሙ፤ ሌሎቹን ግን ልዩነቱን ለማየት ሆን ብለው ሳያፈሱ ተዉ። ደም ማፍሰስ ይጠቅማል ብለው የደረሱበትን መደምደሚያ የዛሬ ሕክምና አይቀበለውም። ሁለት ወገን አስተያይቶ መፍረድ የሚለው መንገዳቸው ግን እስከ ዛሬ የመድኃኒት ምርመራ ሁሉ መሠረት ነው።

በ14 ምዕራፍ የተዘጋጀው የፈንጣጣና የኩፍኝ ድርሳናቸው የዚሁ ዓይን ፍሬ ነው። ፈንጣጣ ሊወጣበት ያለ ሰው ትኩሳት እንደሚይዘው፣ ጀርባውን እንደሚያመው፣ አፍንጫውን እንደሚያሳክከው፣ በእንቅልፉም እንደሚባንን ይዘረዝራሉ። የጀርባ ሕመም በፈንጣጣ ይበረታል፤ ጭንቀትና ማቅለሽለሽ ደግሞ በኩፍኝ ይብሳል ይላሉ። የሕሙማኑ ዓይን እንዳይጠፋ በጽጌረዳ ውሃ እንዲጠበቅም ያዝዛሉ።

ከዚያ ወደ ትልቁ ጥያቄ ይሻገራሉ። ፈንጣጣ ሕፃናትን ሁሉ ለማለት ይቻላል ይይዛል፤ አንዴ ይዞት የዳነ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ዳግም አይያዝም፤ ሽማግሌዎችንም እምብዛም አይነካም። ለምን? አር-ራዚ መልሱን በወይን ጭማቂ መሰሉት። የሕፃን ደም ገና እንደተጨመቀ ወይን እርጥበት የበዛበት ነው፤ አንድ ጊዜ መፍላቱ አይቀርም፤ ፈንጣጣም ያ ፍላት ነው፤ ትርፉ እርጥበት በቆዳ በኩል በቁስል መልክ ይወጣል። የጎልማሳ ደም ፈልቶ የሰከነ ስለሆነ ዳግም የሚፈላበት ነገር የለውም። ማብራሪያው ዛሬ አይሠራም። ቢሆንም ሰው ከበሽታ ሲድን በሰውነቱ ውስጥ የሚጠብቀው ለውጥ እንደሚቀር ያስረዳ የመጀመሪያው ንድፈ ሐሳብ እንደሆነ የሕክምና ታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ።

የሰውነት መከላከያ ሲሳሳትም አስተውለዋል። አቡ ዘይድ አል-በልኺ የተባሉት ሊቅ በጸደይ ጽጌረዳ ባሸተቱ ቁጥር አፍንጫቸው ያብጥና ይፈስስ ነበር፤ አር-ራዚ ስለ ምክንያቱ አንድ ጽሑፍ አዘጋጁ። ዛሬ ይህን አለርጂ እንለዋለን።

በዕድሜያቸው መጨረሻ ዓይናቸው ጠፋ። አንዳንዶች ምክንያቱ የኪሚያ ጭስ ነው ይላሉ፤ ኢብን አን-ነዲም ባቄላ ማብዛታቸውን ያነሣል። የዓይን ሞራ የሚገፍ ባለሙያ ሲመጣላቸው ስለ ዓይን ሽፋኖች ቁጥር ጠይቀውት መልስ ስላጣ፣ ዓለምንም እስኪሰለቹ አይተዋታልና፣ ሕክምናውን እንዳልተቀበሉ ይተረካል። በ313 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. በ925) በረይ አረፉ። በየጊዜው የጻፏቸውን ማስታወሻዎች ወዚር ኢብኑል ዐሚድ ከእኅታቸው እጅ ገዝቶ ተማሪዎቻቸው እንዲያደራጁት አደረገ፤ አል-ሓዊ የተባለው ግዙፍ መጽሐፍ እንዲህ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ1279 ወደ ላቲን ተተርጉሞም የአውሮፓ ሐኪሞች ተማሩበት።

አንዴ ታሞ የዳነ ዳግም አይታመምም የሚለው ዕውቀት የክትባት በር ሆነ። እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ጄነር እ.ኤ.አ. በ1796 ከላም ፈንጣጣ ባገኘው ፈሳሽ ሰውን ከተበ። በኢትዮጵያ የመጨረሻው የፈንጣጣ በሽተኛ የታየው እ.ኤ.አ. በ1976 ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1980 የዓለም ጤና ድርጅት በሽታው ከምድር መጥፋቱን አወጀ።

ኤች አይ ቪ ላይ ሲደርስ ግን ያ በር ዝግ ሆኖ ተገኘ። ቫይረሱ በፓሪስ ፓስተር ኢንስቲትዩት የተለየው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው። የሚያጠቃው ሲዲ ፎር የሚባሉትን ነጭ የደም ሕዋሳት፣ ማለትም ሌሎቹን የሰውነት ወታደሮች የሚያዝዙትን ነው። ከእነዚህም መካከል ያለፈ በሽታን የሚያስታውሱት ይገኙባቸዋል። ቫይረሱ መልኩን ቶሎ ቶሎ ይለዋውጣል፤ በእነዚሁ የማስታወሻ ሕዋሳት ውስጥም ተኝቶ ይቆያል። ፈንጣጣ ይዞት በራሱ የሚድን ሰው ብዙ ነበር፤ ኤች አይ ቪን ግን ሰውነት በራሱ ኃይል ጠርጎ ሲያወጣ ማየት እጅግ ብርቅ ነው። ስለዚህ የክትባት ተመራማሪዎች የሚቀዱት ምሳሌ አጡ። በርሊን ውስጥ የታከመ አንድ ሰው ቫይረሱ የሚገባበት በር በተፈጥሮ ከሌለው ለጋሽ መቅኔ ተቀብሎ መዳኑ ተስፋ ቢሰጥም፣ ሕክምናው አደገኛ ስለሆነ ለሁሉም የሚሆን አይደለም።

አር-ራዚ ከፈንጣጣ ጋር ያጣመሩት ኩፍኝም ቢሆን የሰውነትን የቀድሞ ትውስታ እንደሚደመስስ በቅርብ ዓመታት ተደርሶበታል። ኩፍኝ የያዘው ሕፃን ቀድሞ የተከላከላቸው በሽታዎች እንደገና ሊያጠቁት ይችላሉ። የኩፍኝ ክትባት ከኩፍኝ በላይ የሚጠብቀው ለዚህ ነው።

ለኤች አይ ቪ ክትባት ባይገኝም መድኃኒት አለው። እ.ኤ.አ. ከ1996 ወዲህ ሦስት መድኃኒቶችን አጣምሮ መስጠት የሞት ፍርድ ይመስል የነበረውን ምርመራ አብረውት የሚኖሩት ሕመም አደረገው። በኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በነጻ ይሰጣል። መድኃኒቱን ሳያቋርጥ የሚወስድና ቫይረሱ በደሙ በምርመራ እስከማይታይ የወረደለት ሰው በግንኙነት ለትዳር ጓደኛው አያስተላልፍም።

ዛሬ ጅዳ ላይ ከአውሮፕላን የሚወርድ ሑጃጅ ከፓስፖርቱ ጋር የማጅራት ገትር ክትባት ማስረጃ ይይዛል። ሕጉ የጠበቀው እ.ኤ.አ. በ1987 በሐጅ ወቅት በሽታው ከተስፋፋ በኋላ ነው። ክትባቱ ቢያንስ ከ10 ቀን በፊት እንዲወሰድ የታዘዘው ሰውነት ጠላቱን ለመማር ጊዜ ስለሚፈልግ ነው። ከኤች አይ ቪ ጋር የሚኖር ሑጃጅም ለሙሉ ጉዞው የሚበቃ መድኃኒት ይዞ፣ በሚናም በዐረፋትም ሰዓቱን ሳያሳልፍ ሊወስድ ይገባዋል። ኅብረተሰቡም አር-ራዚ ሕሙማንን ባዩበት የርኅራኄ ዓይን ሊያየው ይገባል።