ይድነቃቸው ተሰማ፦ ዋንጫው እና የማይታለፈው ጉዳይ

በጅዳና በመካ የአፍሪካ ዋንጫ ጨዋታ በሚታይበት ምሽት ኢትዮጵያዊው፣ ሱዳናዊውና ግብፃዊው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። እ.ኤ.አ. በ1957 በካርቱም በተካሄደው የመጀመሪያው ውድድር የተሰለፉትም የእነዚሁ ሦስት አገሮች ቡድኖች ነበሩ።

በ1921 በጅማ የተወለዱት ይድነቃቸው ተሰማ በቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ ለረጅም ዓመታት የተጫወቱ አጥቂ ነበሩ፤ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንንም ከመሠረቱት አንዱ ናቸው። አራተኛዋ መሥራች ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር ተጫዋቾችን በአንድ ቡድን ለማሰለፍ እምቢ በማለቷ ከውድድሩ ውጭ ሆነች። ኢትዮጵያ ተጋጣሚዋ ስለቀረች ያለ ጨዋታ ለፍጻሜ ደረሰች፤ በግብፅም 4 ለ 0 ተሸነፈች።

በ1962 ውድድሩ አዲስ አበባ ላይ ሲካሄድ አሠልጣኙ ይድነቃቸው ነበሩ። ከግብፅ ጋር የተደረገው የፍጻሜ ጨዋታ በመደበኛው ሰዓት 2 ለ 2 አለቀ፤ በተጨማሪው ሰዓት ኢትዮጵያ 4 ለ 2 ረታች።

ይሁን እንጂ የእርሳቸው ታላቁ ሥራ ይህ ዋንጫ ብቻ አይደለም። ከ1972 ጀምሮ ኮንፌዴሬሽኑን በፕሬዚዳንትነት ሲመሩ በዘር መድልዎ ላይ አልተለሳለሱም፤ ፊፋም ደቡብ አፍሪካን በ1976 አባረራት። ይድነቃቸው በሥልጣን ላይ ሳሉ በ1987 አረፉ። ደቡብ አፍሪካ ወደ ፊፋ የተመለሰችው በ1992፣ የዘር አገዛዙ ሲፈርስ ነው።