የቴሌቪዥኑ ሰው የጆን ሎጊ ቤርድ የሕይወት ታሪክ

ሕያው የሰው ፊት በቴሌቪዥን እንዲታይ አድርጎ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ፊት ያሳየው ጆን ሎጊ ቤርድ የተባለ የስኮትላንድ ሰው ነው። ነገር ግን የሠራው መሣሪያ ለዓለም ከታየ ከ11 ዓመት በኋላ በሌላ ዐይነት መሣሪያ ተበልጦ ከሥራ ወጣ። በአሁኑ ጊዜ በአሰላም ሆነ በሌሎች ከተሞቻችን ጀርባው ያበጠው አሮጌ ቴሌቪዥን ለጠፍጣፋው ስፍራውን እየለቀቀ ስለ ሆነ፣ አሮጌ ነገር በአዲስ ሲተካ ምን እንደሚሆን ከዚህ ሰው ሕይወት ልንማር እንችላለን። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓ.ም. ተብሎ ካልተጻፈበት በቀር ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ቤርድ ኦገስት 13 ቀን 1888 በምዕራብ ስኮትላንድ በባሕር ዳር ባለችው በሄለንስበርግ ከተማ ተወለደ። አባቱ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነበሩ፤ እርሱም ለወላጆቹ አራተኛና የመጨረሻ ልጅ ነበር። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጤናው ደካማ ነበር። ገና ተማሪ ሳለ ከቤቱ እስከ ጎረቤት ጓደኞቹ ቤት ሽቦ ዘርግቶ በስልክ ይነጋገር ነበር። በኋላም በግላስጎ ቴክኒክ ኮሌጅ ስለ ኤሌክትሪክ ተማረ። ቀጥሎ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሳለ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ስለ ተነሣ ትምህርቱን ሳይፈጽም ቀረ፤ ለውትድርናም ቢቀርብ በጤናው ምክንያት ሳይቀበሉት ቀሩ።

ከዚያ ወዲያ በአንድ የኤሌክትሪክ ኃይል ኩባንያ ተቀጥሮ ሠራ፤ ኑሮውንም ለማሻሻል ብዙ ዐይነት ንግድ ሞከረ። እግርን ከብርድና ከእርጥበት የሚከላከል ካልሲ ሸጠ። ወደ ትሪኒዳድ ደሴት ተሻግሮም ማርማላታ ለመሥራት ቢጀምር፣ ድስቱ በፈላ ቁጥር ነፍሳት እየጎረፉ ገብተው አበላሹበት፤ እርሱም ታሞ ተመለሰ። ሳሙናም ነግዷል። ነገር ግን አንዱ ሥራ ደኅና መሄድ ሲጀምር ሕመሙ እየተነሣ ያቋርጥበት ነበር።

በ1923 መጀመሪያ፣ ዕድሜው 34 ዓመት ሲሆን፣ አየር ለመለወጥ ሲል በደቡብ እንግሊዝ ወደምትገኘው ወደ ሄስቲንግስ ከተማ ሄደ። ሥራም ገንዘብም አልነበረውም። በዚያ ሳለ ነው ምስልን በኤሌክትሪክ ወደ ሩቅ ለመላክ የተነሣው። አሳቡ ፍጹም አዲስ አልነበረም፤ ፓውል ኒፕኮቭ የሚባል ጀርመናዊ በ1884 ዘዴውን በወረቀት ላይ አቅዶት ነበር። ዘዴውም ይህ ነው፤ በአንድ ክብ ሳሕን ላይ ትንንሽ ቀዳዳዎች እንደ ቀንድ አውጣ ጥምዝ ተከታትለው ይበሳሉ። ሳሕኑ ሲሽከረከር እያንዳንዱ ቀዳዳ የምስሉን አንድ መስመር ብርሃን ብቻ ያሳልፋል፤ ብርሃኑም ወደ ኤሌክትሪክ ተለውጦ ይላካል። በተቀባዩ ዘንድ ሌላ ሳሕን በእኩል ፍጥነት ሲዞር መስመሮቹ ተሰብስበው ምስሉን ይመልሱታል።

ቤርድ ይህን ለመሥራት ያገኘውን ዕቃ ሁሉ ተጠቀመ። አሮጌ የባርኔጣ ካርቶን፣ የሻይ ሣጥን፣ የልብስ መስፊያ መርፌ፣ የብስክሌት መብራት መስተዋት፣ የማሸጊያ ሰምና ማጣበቂያ የመሣሪያው ክፍሎች ሆኑ። በ1924 የነገሮችን ጥላ አስተላልፎ አሳየ። በዚያው ዓመት ግን ከፍተኛ የኤሌክትሪክ ኃይል መትቶት እጁ ተቃጠለ፤ ባለቤቱም ቤቱን እንዲለቅ አደረገው። ስለዚህ ወደ ለንደን ሄዶ በሶሆ ሠፈር ጠባብ ክፍል ተከራየ።

ኦክቶበር 2 ቀን 1925 የአንድ አሻንጉሊት ፊት ከነብርሃኑና ከነጥላው ተለይቶ በመሣሪያው ታየ። መብራቱ እጅግ ስለሚያቃጥል ለሙከራው ከሰው ይልቅ አሻንጉሊት ይሻል ነበር። ቤርድም በደስታ ወደ ታችኛው ፎቅ ሮጦ በዚያ ቢሮ የሚሠራውን ወጣት አምጥቶ በመብራቱ ፊት አስቀመጠው። ወጣቱ ሙቀቱን ፈርቶ ሸሸ፤ ጥቂት ገንዘብ ከተሰጠው በኋላ ግን ተመልሶ ተቀመጠና ፊቱ ታየ። ጃንዋሪ 26 ቀን 1926 ደግሞ የሳይንስ ማኅበር አባሎች በተገኙበት መሣሪያውን በይፋ አሳየ። ምስሉ ባለ 30 መስመር ሆኖ ትንሽና ደብዛዛ ነበር፤ ቢሆንም ሰውዬውን ለይቶ ለማወቅ ይቻል ነበር።

በ1927 ከለንደን እስከ ግላስጎ በስልክ ሽቦ፣ በ1928 ደግሞ አትላንቲክን አሻግሮ ወደ አሜሪካ ምስል ላከ። በዚያው በ1928 ባለ ቀለም ምስል አሳየ። በ1929 ቢቢሲ በእርሱ ዘዴ ምስል ማሠራጨት ጀመረ።

ይሁን እንጂ የሚሽከረከረው ሳሕን ወሰን ነበረበት። ምስሉን ለማጥራት መስመሮቹ መብዛት አለባቸው፤ መስመሮቹ ሲበዙ ግን ሳሕኑ መተለቅ፣ ፍጥነቱም መጨመር ነበረበት። በዚሁ ጊዜ ሌሎች በሌላ መንገድ ይሄዱ ነበር። ካርል ፌርዲናንድ ብራውን በ1897 በሠራው የመስተዋት ቱቦ ውስጥ የሚሽከረከር ነገር የለም፤ ኤሌክትሮኖች ከኋላ ተተኩሰው በማግኔት እየተመሩ በፊተኛው መስተዋት ላይ የተቀባውን ነገር ያበሩታል። አሜሪካዊው ፋይሎ ፋርንስዎርዝም በ1927 በኤሌክትሮን ብቻ ምስል አስተላለፈ። በእንግሊዝ አገር ደግሞ በአይዛክ ሾንበርግ የሚመሩ የኢኤምአይ መሐንዲሶች ባለ 405 መስመር ቴሌቪዥን ሠሩ።

ኖቬምበር 2 ቀን 1936 ቢቢሲ መደበኛ የቴሌቪዥን ሥራውን ሲከፍት ሁለቱ ዘዴዎች እየተፈራረቁ እንዲፈተኑ ተደረገ። የቤርድ ኩባንያ መሣሪያ ባለ 240 መስመር ነበር፤ አንዱ ካሜራው ወለል ላይ የተተከለ ሲሆን ፊልም አንሥቶ፣ አጥቦ፣ ምስሉን ለማስተላለፍ አንድ ደቂቃ ያህል ይፈጅበት ነበር። የኢኤምአይ ካሜራ ግን እየተንቀሳቀሰ ወዲያው ያሳይ ነበር። በዚያው ወር መጨረሻ በክሪስታል ፓላስ የተነሣው እሳት የቤርድ ኩባንያ ዕቃዎችን አብዛኛውን አቃጠለ። በፌብሩዋሪ 1937 የቤርድ ዘዴ ቀረ።

ቤርድ ግን ተሸንፎ አልተቀመጠም። ያሸነፈውን የመስተዋት ቱቦ እርሱም ያዘና ወደ ቀለም ሥራ ተመለሰ። ጦርነት ለንደንን በሚያናውጥበት በ1944 በኤሌክትሮን ብቻ የሚሠራ ባለ ቀለም የምስል ቱቦ አሳየ። ጁን 14 ቀን 1946 በቤክስሂል ከተማ በ57 ዓመቱ ሞተ። በጦርነቱ ምክንያት ተዘግቶ የነበረው የቢቢሲ ቴሌቪዥን እንደገና ከተከፈተ ገና ሳምንቱ ነበር። ሬሳው በተወለደበት ከተማ ተቀበረ።

ያሸነፈውም በተራው ተሸነፈ፤ ባለ 405 መስመሩ ሥርጭት በ1985 በእንግሊዝ አገር ተዘጋ። ቱቦው ግን በዓለም ሁሉ ቆየ። በጥቅምት 1957 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በአዲስ አበባ ሥራውን ሲጀምር ሕዝቡ የተመለከተው በዚሁ የመስተዋት ቱቦ ነው። ከ2007 መጨረሻ ጀምሮ ግን በፈሳሽ ክሪስታል የሚሠራው ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን በዓለም ገበያ በሽያጭ ቱቦውን በለጠው። አሁን ደግሞ እያንዳንዱ ነጥቡ በራሱ የሚበራ ሌላ ዐይነት መጥቷል።

እንግዲህ በየቤታችን ያለው አሮጌ ቴሌቪዥን ምን ይሁን? ምስሉ ደኅና ከሆነ መጣል የለበትም። ቢጫ፣ ቀይና ነጭ ገመድ የሚቀበል ሪሲቨር እስከ ተገኘ ድረስ ዲሽ ይሠራለታል፤ ቢጫው ምስልን፣ ቀይና ነጩ ድምፅን ያመጣሉ። ኤችዲኤምአይ ብቻ ያለው አዲስ ሪሲቨር ቢገዛ ግን መለወጫ ዕቃ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ወላጆች ሪሲቨር ሲገዙ ጀርባውን አገላብጠው ይመልከቱ፤ ይህን ማወቅ ያለ ምክንያት አዲስ ቴሌቪዥን ከመግዛት ያድናል።

ከሥራ የወጣውን ደግሞ ሜዳና ወንዝ ዳር መጣል አይገባም፤ የቱቦው መስተዋት እርሳስ አለበትና ሲሰበር አፈርንና ውሃን ይበክላል። ልጆችም ለማየት ሲሉ እንዳይከፍቱት፤ ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላ እንኳ በቱቦው ውስጥ አደገኛ ኤሌክትሪክ ሊቆይ ይችላል። የቤርድን እጅ ያቃጠለው ኃይል ዛሬም ያው ኃይል ነው። የውስጡን አሠራር ለማወቅ የሚፈልግ ተማሪ ሥራውን ከሚያውቅ የቴሌቪዥን ጠጋኝ ዘንድ ሄዶ ቢጠይቅ፣ ያው አሮጌ ቴሌቪዥን መልካም መማሪያ ይሆንለታል። ቤርድም የተነሣው በአሮጌ ካርቶንና በመርፌ ነበር።