አክሴል ቱኤ

አክሴል ቱኤ (ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1863 – ማርች 7 ቀን 1922) የኖርዌይ የሒሳብ ሊቅ ነበር። ስለ ፊደላት አደራደር ያደረገው ጥናት «የቃላት ጥምር ሒሳብ» ለሚባለው የሒሳብ ዘርፍ መነሻ ሆኗል። ይህ ዘርፍ ዛሬ በኮምፒውተርና በስልክ ላይ ከረጅም ጽሑፍ መካከል አንድን ቃል ለሚፈልጉ ዘዴዎች ያገለግላል። ቱኤ ጥናቱን ሲያሳትም ግን ኮምፒውተር ገና አልተሠራም ነበር። በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሕይወቱ

ቱኤ የተወለደው በደቡብ ኖርዌይ በምትገኘው የወደብ ከተማ በቶንስበርግ ነው። ያን ጊዜ ኖርዌይና ስዊድን በአንድ ንጉሥ ሥር ነበሩ። ከ1883 እስከ 1889 በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ተማረ፤ ከተማዋ በዚያ ዘመን ክርስቲያኒያ ትባል ነበር። ከዚያም ወደ ጀርመን ተሻግሮ በላይፕሲግ ከአገሩ ሰው ከሶፉስ ሊ ዘንድ፣ ቀጥሎም በበርሊን ትምህርቱን ገፋበት። ሊ በዘመኑ ስመ ጥር ሊቅ ቢሆንም ንድፈ ሐሳቡ በቱኤ ሥራዎች ላይ ብዙ ምልክት አልተወም።

ከ1894 እስከ 1903 በትሮንድሃይም የቴክኒክ ትምህርት ቤት አስተማረ። በ1903 በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የተግባራዊ ሒሳብ ፕሮፌሰር ተባለ፤ እስኪሞትም በዚሁ ሥራ ቆየ። ማዕረጉ የተግባራዊ ሒሳብ ይሁን እንጂ ስሙን ያስጠሩት ሥራዎች ለጥቅም ታስበው የተሠሩ አልነበሩም። በ1909 ባሳተመው ጽሑፍ አንድ ሰፊ የእኩልታዎች ወገን ሊኖረው የሚችለው የሙሉ ቁጥር መልስ ውስን መሆኑን አረጋገጠ። ይህን መንገድ ተከትለው ካርል ሲገልና ክላውስ ሮት ታላላቅ ውጤቶች ላይ ደርሰዋል።

ያለ ድግግሞሽ የሚቀጥል ቃል

በሒሳብ «ቃል» ሲባል ትርጉም ኖረውም አልኖረውም በተራ የተደረደሩ ፊደላት ማለት ነው። አማርኛ ተናጋሪ «ቶሎ ቶሎ» ወይም «ትንሽ ትንሽ» ሲል አንዱን ቁራጭ ወዲያው አስከትሎ ይደግመዋል። እንዲህ ያለው ድግግሞሽ በዚህ ዘርፍ «ካሬ» ይባላል። የቱኤ ጥያቄ ቀላል ይመስላል፦ ምንም ካሬ ሳይገባበት ያለ ማብቂያ የሚቀጥል ቃል መጻፍ ይቻላልን?

ያሉን ፊደላት ሀ እና ለ ብቻ ከሆኑ አይቻልም። «ሀለሀ» ብለን ከጀመርን አራተኛው ፊደል ሀ ሲሆን «ሀሀ» ይደገማል፤ ለ ሲሆን ደግሞ «ሀለ» ሁለት ጊዜ ይመጣል። በለ ብንጀምርም መጨረሻው ያው ነው። ቱኤ ግን ሦስት ፊደላት ካሉ ካሬ የሌለበት ማለቂያ የለሽ ቃል እንደሚገኝ በ1906 እና በ1912 ባወጣቸው ሁለት ጽሑፎች አረጋገጠ።

በሁለት ፊደላት ብቻም አንድ ቁራጭ ሦስት ጊዜ ተከታትሎ የማይመጣበት ቃል አሳየ። አሠራሩ አጭር ነው፤ ሀ በነበረበት «ሀለ»፣ ለ በነበረበት «ለሀ» እየተካን እንሄዳለን። ከሀ ተነሥተን «ሀለ»፣ ከዚያ «ሀለለሀ»፣ ከዚያ «ሀለለሀለሀሀለ» እናገኛለን፤ በየእርምጃው ቃሉ በእጥፍ ያድጋል።

ቱኤ ይህን ጥናት ለምን ጥቅም እንደሚውል ሳይጠይቅ ሠራው፤ አስቸጋሪ ጥያቄ በራሱ ሊመረመር ይገባዋል የሚል እምነት ነበረው። ጽሑፎቹ የወጡት በክርስቲያኒያ የሳይንስ ማኅበር መጽሔት ስለነበር ከኖርዌይ ውጭ ያነበባቸው ጥቂት ነው። አሜሪካዊው ማርስተን ሞርስ በ1921 ያንኑ ቃል በጂኦሜትሪ ጥናቱ እንደገና አገኘው። በ1929 ደግሞ ማክስ ኡወ የተባለ የሆላንድ የሒሳብ ሰው፣ ኋላም የዓለም የቼዝ ሻምፒዮን፣ የቼዝ ጨዋታ በጊዜው በነበረ አንድ የድግግሞሽ ሕግ ብቻ ሊቆም እንደማይችል ለማሳየት ተጠቀመበት። ቃሉ ዛሬ «የቱኤ–ሞርስ ቃል» ይባላል።

ፊደልን በፊደል የመተካት ሕግ

በ1914 ቱኤ ሌላ ጥያቄ አነሣ። አንዱን ቁራጭ በሌላ ለመተካት የሚፈቅዱ ጥቂት ሕጎች ቢሰጡን፣ አንድ ቃል በእነዚህ ሕጎች ወደ ሌላ ቃል መለወጥ አለመለወጡን ሁልጊዜ የሚያውቅ ዘዴ አለን? እሱ ራሱ ለአንዳንድ የሕግ ዓይነቶች መልስ ሰጠ። ለሁሉም የሚሆን ዘዴ ግን ሊኖር እንደማይችል በአሜሪካ ኤሚል ፖስት፣ በሶቪየት ኅብረት አንድሬ ማርኮቭ በ1947 በየፊናቸው አረጋገጡ። ይህም ከአልጎሪዝም አቅም በላይ እንደሆኑ ከታወቁት የመጀመሪያዎቹ የሒሳብ ጥያቄዎች አንዱ ነው።

ቃል ፍለጋና አማርኛ

በ1977 ዶናልድ ክኑት፣ ጄምስ ሞሪስና ቮን ፕራት በጽሑፍ ውስጥ ቃል የሚፈልግ ፈጣን አልጎሪዝም አሳተሙ። የቱኤ የተመረጡ ሥራዎችም በኦስሎ በአንድ መጽሐፍ የወጡት በዚያው ዓመት ነበር። አልጎሪዝሙ የሚፈለገውን ቃል ድግግሞሽ አስቀድሞ ያጠናል። «መተማ» የሚለውን ስንፈልግ መ እና ተ ገጥመው ሦስተኛው ፊደል ቢለያይ፣ ቃሉ በውስጡ ድግግሞሽ ስለሌለው ኮምፒውተሩ ወደ ኋላ ሳይመለስ ከሦስተኛው ፊደል ይቀጥላል። «ቶሎቶሎና» የሚለውን «ቶሎቶሎቶሎና» ውስጥ ስንፈልግ ግን «ቶሎቶሎ» ከገጠመ በኋላ ና ይጠበቅበት በነበረው ቦታ ቶ ይመጣል። አራቱንም ፊደላት ብንጥል የምንፈልገው ያመልጠናል፤ ስለዚህ ሁለተኛው «ቶሎ» ለአዲስ ሙከራ መጀመሪያ ሆኖ ይያዛል።

በአማርኛ ሌላ ችግር አለ። በ1889 ንጉሠ ነገሥቱ የወደቁበትን የመተማን ጦርነት የሚያጠና ተማሪ «ዐፄ ዮሐንስ» ብሎ ቢፈልግ፣ «አጼ ዮሃንስ» ተብሎ የተጻፈው ገጽ ላይመጣለት ይችላል። ለኮምፒውተሩ ዐ እና አ፣ ፄ እና ጼ፣ ሐ እና ሃ የተለያዩ ፊደላት ናቸውና። አ፣ ኣ፣ ዐ፣ ዓ አራት፤ ፄ እና ጼ ሁለት፤ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ስድስት፤ ስ እና ሥ ሁለት ናቸው። ሲባዙ ያ አንድ ስም ድምፁ ሳይለወጥ በ96 ዓይነት ሊጻፍ ይችላል።

መፍትሔው የቱኤ ዓይነት የመተካት ሕግ ነው። «አን በዐ፣ ጼን በፄ ተካ» የሚሉ 10 ሕጎች 96ቱንም ወደ አንድ ያመጧቸዋል። ሕጎቹ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚሄዱ ሥራው ሁልጊዜ ያልቃል፤ ፖስትና ማርኮቭ ያሳዩት እንቅፋት እዚህ አያጋጥምም። ዋጋ ግን ያስከፍላል። በግዕዝ «ሠረቀ» ማለት ወጣ፣ «ሰረቀ» ደግሞ የሰው ንብረት ወሰደ ማለት ነው፤ ሠን በሰ የሚተካ ሕግ ሁለቱን ያደባልቃል። በመሆኑም መተካቱ ለፍለጋው ብቻ ሆኖ የመጀመሪያው አጻጻፍ እንዳለ መቀመጥ ይኖርበታል።

ቱኤ በ59 ዓመቱ በኦስሎ አረፈ። ከተማሪዎቹ መካከል ኋላ በሥነ አመክንዮ ስመ ጥር የሆነው ቶራልፍ ስኮሌም ይገኝበታል።