ጋሪንቻ፡ ባለ ወልጋዳ እግሩ የህዝብ ደስታ

ሰው ኳስ የሚያየው ለውጤት ብቻ ቢሆን ኖሮ ስታዲየም ድረስ መሄድ ባላስፈለገው ነበር። ውጤት በሬዲዮ ይነገራል፣ በማግስቱም ጋዜጣ ላይ ይወጣል። ታዲያ ያ ሁሉ ህዝብ ለምን ይሰለፋል? ለምን ፀሐይና ዝናብ ይፈራረቅበታል? ዋንጫ እንደማይበላ የሚያውቅ ደጋፊስ በየሳምንቱ ለምን ይመለሳል? ለዚህ ጥያቄ ከማንም በላይ ጥሩ መልስ ያለው የአንድ ብራዚላዊ ህይወት ነው። የመዝገብ ስሙ ማኑኤል ፍራንሲስኮ ዶስ ሳንቶስ ነው። ዓለም የሚያውቀው ግን ጋሪንቻ በሚለው ቅጽል ስሙ ነው።

ጋሪንቻ እ.ኤ.አ በ1933 ከሪዮ ዴ ጄኔሮ ወጣ ብላ በምትገኘው ፓው ግራንዴ በምትባል የፋብሪካ መንደር ተወለደ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቤተሰቡ ድሃ፣ አባቱም መጠጥ የሚያበዛ ሰው ነበር። ልጁ ሲወለድ ጀምሮ እግሮቹ ወልጋዳ ናቸው። ቀኝ እግሩ ወደ ውስጥ፣ ግራው ደግሞ ወደ ውጭ ይታጠፋል። አንደኛው ከሌላኛው በ6 ሴንቲ ሜትር ያህል ያጥራል። ሰውነቱ አነስተኛ ስለነበር እህቱ በአካባቢው በምትታወቅ ትንሽዬ ቡናማ ወፍ ስም ጋሪንቻ አለችው። ስሙም በዚያው ቀረ። በ14 ዓመቱ የመንደሩ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ተቀጠረ። ልቡ ግን ስራው ላይ አልነበረም። ወፍ ማደን፣ ዓሣ ማጥመድና ኳስ መጫወት ይበቃው ነበር።

በ1953 ለሙከራ ወደ ቦታፎጎ ክለብ ሄደ። የዚያን ቀን ከፊት ለፊቱ የቆመው ተከላካይ ኒልተን ሳንቶስ ነበር። ሳንቶስ በዘመኑ ከነበሩ የግራ መስመር ተከላካዮች ሁሉ ቁንጮ ተብሎ የሚጠራ፣ ለብሔራዊ ቡድንም የሚጫወት ሰው ነው። እግረ ወልጋዳው የገጠር ልጅ ግን አብዶ ሰርቶ አለፈው። ደግሞ አለፈው። እንደሚተረከው ኳሷን በሁለት እግሮቹ መሃል ሁሉ አሳለፈበት። ሳንቶስ አልተቆጣም። ይልቁንም ከልምምዱ በኋላ ልጁ ባስቸኳይ እንዲፈርም የክለቡን ሰዎች ወተወተ። ከዚያ ልጅ ጋር በተቃራኒ መጫወት እንደማይፈልግ ገብቶታል። ጋሪንቻም በመጀመሪያው የሊግ ጨዋታው ሶስት ጎል አግብቶ የሪዮን ህዝብ ተዋወቀ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ጋሪንቻ በቀኝ ክንፍ የሚጫወት ሲሆን አብዶው አንድ አይነት ነበር። ኳሷን እግሩ ስር ያቆማታል። ሰውነቱን ወደ ግራ ይጥላል፤ ኳሷ ግን ካለችበት አትነቃነቅም። ተከላካዩ ሰውነቱን ተከትሎ ይሄዳል፤ ባዶ ነው። ይመለሳል። ጋሪንቻ ያንኑ ይደግመዋል። ከዚያ ድንገት በቀኝ በኩል ይፈተለካል። በቃ ይሄው ነው። በቀኝ በኩል እንደሚያልፍ ተከላካዩ ያውቃል፣ አሰልጣኙ ያውቃል፣ ሜዳ ውስጥ ያለ ተመልካች በሙሉ ያውቃል። ማንም የማያውቀው መቼ እንደሚሄድ ነው። ተመልካቹ እስትንፋሱን ዋጥ አድርጎ የሚጠብቀው ያችን ቅጽበት ነበር። ሲያልፍም ስታዲየሙ በሳቅ ይሞላል። ልብ በሉ፣ ጩኸት ብቻ ሳይሆን ሳቅ። ጋሪንቻ አንዳንዴ ያለፈውን ተከላካይ ቆሞ ይጠብቀውና እንደገና ያልፈዋል። የሚገጥመውን ተከላካይ ሁሉ ዡአው እያለ ነበር የሚጠራው። ይህም በብራዚል ልክ እንደኛ አበበና ከበደ የተለመደ ስም ነው። ለሱ ሁሉም አንድ ነበሩ።

ይህ ነገር አሰልጣኞችን የሚያስደስት አልነበረም። ከ1958ቱ የዓለም ዋንጫ በፊት ብራዚል ጣሊያን ውስጥ ከፊዮረንቲና ጋር በተደረገ የወዳጅነት ጨዋታ ጋሪንቻ ተከላካዮችንና በረኛውን አልፎ ጎሉ ባዶ ሆኖ ሳለ አላገባም። የሚመለሰውን ተከላካይ ጠብቆ፣ እሱንም ሸውዶ ነው ያገባው። የቡድኑ ሰዎች ተናደዱ። በዚያ ላይ የቡድኑ የስነ ልቦና ባለሙያ በሰጠው ፈተና ዝቅተኛ ውጤት አመጣ። ለትልቅ ጨዋታ አይሆንም ተባለ። በስዊድን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጨዋታዎችም ከሜዳ ውጭ ሆኖ አየ።

ሶስተኛው ጨዋታ ከሶቪየት ህብረት ጋር ነበር። አሰልጣኝ ቪሴንቴ ፌዮላ ጋሪንቻንና የ17 ዓመቱን ፔሌን አሰለፈ። ጨዋታው እንደተጀመረ ጋሪንቻ ተከላካዮቹን አተራምሶ የመታት ኳስ የግቡን ቋሚ መትታ ተመለሰች። ወዲያው የፔሌም ኳስ የግቡ ብረት መለሰበት። በሶስተኛው ደቂቃ ቫቫ በታላቁ በረኛ በሌቭ ያሺን ላይ አገባ። ሰዎች እነዚያን ሶስት ደቂቃዎች እስከ ዛሬ ድረስ ያወሯቸዋል። ብራዚል 2 ለ 0 አሸነፈች። በፍጻሜው ስዊድን ቀድማ ስታገባ ጋሪንቻ ያችኑ የለመዳትን አብዶ ሰርቶ በቀኝ አለፈና ለቫቫ አቀበለ፤ ጎል። ከእረፍት በፊት ያንኑ ደገመው፤ ቫቫም ደገመው። ጨዋታው 5 ለ 2 ተጠናቆ ብራዚል የመጀመሪያዋን የዓለም ዋንጫ በላች።

በ1962 ቺሊ ላይ ደግሞ ፔሌ በሁለተኛው ጨዋታ ተጎዳ። ብራዚል አለቀላት ሲባል ጋሪንቻ ቡድኑን ተሸከመው። በሩብ ፍጻሜው እንግሊዝ ላይ ሁለት ጎል አገባ። አንዷን እሱ፣ ያ አጭሩ ሰው፣ ከማዕዘን ምት በጭንቅላት ገጭቶ ነው ያስቆጠራት። በዚያ ጨዋታ አንድ ውሻ ሜዳ ገብቶ ሲያስቸግር እንግሊዛዊው አጥቂ ጂሚ ግሪቭስ ተንበርክኮ ያዘው። በኋላም ውሻውን ጋሪንቻ ወደ አገሩ ይዞት እንደሄደ ይነገራል። በግማሽ ፍጻሜው ባለሜዳዋን ቺሊን 4 ለ 2 ሲረቱ አሁንም ሁለቱ የሱ ናቸው። ሲጠልፉትና ሲመቱት ቆይተው እሱም መልሶ በመማታቱ ከሜዳ ተባረረ። እንዲያም ሆኖ ሳይቀጣ ቀርቶ፣ ትኩሳት እያተኮሰው ፍጻሜውን ተጫወተ። ብራዚል ቼኮዝሎቫኪያን 3 ለ 1 አሸንፋ ዋንጫውን አስቀረች። ፔሌና ጋሪንቻ አብረው በተሰለፉበት ጨዋታ ብራዚል አንድም ጊዜ አልተሸነፈችም።

ብራዚላውያን ለፔሌ ንጉሥ የሚል ስም ሲሰጡት ጋሪንቻን የህዝብ ደስታ አሉት። ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው። ንጉሥ ይከበራል፣ ይደነቃል። ጋሪንቻን ግን ህዝቡ እንደ ራሱ ልጅ ነው ያየው። ተመልካቹ የፋብሪካ ሰራተኛ፣ ተሸካሚ፣ ሊስትሮ ነው። እሱም ወልጋዳ፣ ድሃ፣ አይሆንም ተብሎ የተናቀ ነው። ይህ ሰው ጠንካራውንና የሰለጠነውን ተከላካይ መሬት ላይ ሲያስቀምጠው ተመልካቹ ራሱ ያለፈ ያህል ይሰማው ነበር። ሳምንቱን ሙሉ አለቃ ሲጮህበት የከረመ ሰው እሁድ እሁድ የሚስቀው ለዚህ ነው።

ያን ደስታ የሰጠው ሰው ግን ብዙ አልተረፈውም። ባዶ ውል ላይ ይፈርም እንደነበርና ደሞዙን ክለቡ እንደሚሞላው ይነገራል። የታጠፉት እግሮቹ ጉልበቱን ጎድተውት ስለነበር በመርፌ እየታገዘ ይጫወት ጀመር። ሰው የሚመጣው እሱን ለማየት ነውና እረፍት አልነበረውም። በ1966 የዓለም ዋንጫ ቡልጋሪያ ላይ በቅጣት ምት ቢያገባም ቀጥሎ ብራዚል በሃንጋሪ 3 ለ 1 ተሸነፈች። ያ ለብሔራዊ ቡድን ያደረገው 50ኛና የመጨረሻ ጨዋታው ነበር፤ የተሸነፈበትም ብቸኛው እሱ ነው።

ከዚያ ወዲያ ቁልቁለት ሆነ። ሚስቱንና ስምንት ሴት ልጆቹን ትቶ ከዝነኛዋ ዘፋኝ ኤልዛ ሶሬስ ጋር ኖረ። በ1969 ይነዳው የነበረው መኪና ተጋጭቶ የኤልዛ እናት ሞቱ። ሐዘኑና ጸጸቱ መጠጡን አባሰው። በታህሳስ 1973 ማራካኛ ላይ የስንብት ጨዋታ ሲዘጋጅለት 131 ሺህ ያህል ሰው ገባ። የወፈረ፣ ጉልበቱ ያለቀ፣ የ40 ዓመት ሰው ለማየት ነው ይህ ሁሉ ህዝብ የመጣው። ያችን አብዶ አንዴ እንዲደግማት ይጠብቁ ነበር።

ጋሪንቻ ጥር 20 ቀን 1983 በ49 ዓመቱ መጠጥ ባመጣበት የጉበት በሽታ ሪዮ ውስጥ አረፈ። አስከሬኑ ማራካኛ ገብቶ ህዝቡ ተሰናበተው። ወደ ፓው ግራንዴ ሲወሰድ በየመንገዱ ዳር የቆመው ሰው ብዛት ለጉድ ነበር። በህይወት እያለ በየሆስፒታሉ ሲመላለስ ግን እንዲህ ያለ ሰልፍ አልነበረም። ኤልዛ ሶሬስም ልክ በ39 ዓመቱ፣ በዚያው ጥር 20 ቀን፣ በ2022 አረፈች።

ብራዚል በዋና ከተማዋ በብራዚሊያ ያለውን ትልቅ ስታዲየም በስሙ ሰይማለች። የ2014 የዓለም ዋንጫ ጨዋታዎችም ተደርገውበታል። በ2017 ደግሞ አጽሙ መቃብር ስፍራው ውስጥ የት እንዳለ በትክክል እንደማይታወቅ ተሰማ። ህዝቡ ያስቀመጠለት ሌላ ነገር ነው። ያ ያረጀ ጥቁርና ነጭ ፊልም ዛሬም ሲታይ፣ ያኔ ያልተወለደ ልጅ እንኳ በቀኝ እንደሚያልፍ እያወቀ ይጠብቃል፤ ሲያልፍም ይስቃል።