ስለ ፍሎረንስ ናይቲንጌል የማስታመም ትምህርት

አንባቢ ሆይ፥ ድውይን ማጠብና ማገላበጥ ትምህርት የማያሻው ሥራ ይመስልህ ይሆናል። ፍሎረንስ ናይቲንጌል እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1820 ዓ.ም. ከባለጸጋ እንግሊዛውያን ተወለደች። አስታማሚነት በዚያን ጊዜ እንደ ውርደት ይቈጠር ነበርና ቤተ ሰቦችዋ አጥብቀው ተቃወሙአት። እርስዋ ግን በ1851 ዓ.ም.፥ በ31 ዓመትዋ፥ በጀርመን አገር በካይዘርስቬርት ከዲያቆናውያት እኅቶች ዘንድ ሦስት ወር ያህል ተቀምጣ ተማረች።

በክሪሚያ ጦርነት የሠራችውን ብዙ ሰው ያውቀዋልና እንለፈው። በ1860 ዓ.ም. በሎንዶን በቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል የአስታማሚዎች ትምህርት ቤት አቆመች። ተማሪዎቹም በአንድ ዓመት ውስጥ ከሚማሩት አንዱ፥ መነሣት የተሳነውን ማጠብ፥ አልጋውን ማንጠፍ፥ ከመኝታ ብዛት ገላው እንዳይቈስል በቀስታ ማገላበጥ ነበር፤ ይህ ቀላል መስሎ ከታየህ አንድ ሌሊት ሞክረው።

እርስዋም ራስዋ ብዙ ዘመን ታማ በአልጋ ላይ ትውል ነበር። በእርጅናዋ ዓይንዋ ጠፋ፤ እስከ ሞተችበት እስከ 1910 ዓ.ም. ድረስም በአስታማሚ እጅ ትረዳ ነበር።