ፓፑሻ፦ የሮማኒዋ ገጣሚ ሕይወትና የፖላንድ የማስፈር ፖሊሲ

ብሮኒስዋቫ ቫይስ፣ በሰፊው በምትታወቅበት ስሟ ፓፑሻ፣ በፖላንድ የሥነ ጽሑፍ ታሪክ ውስጥ ባብዛኛው የምትነሣው በአንድ ክስ ምክንያት ነው፤ የወገኖቿን ምስጢር ለባዕድ አሳልፋ ሰጠች ተብላ ከማኅበረሰቧ መገለሏ። ታሪኩ በዚህ መልክ ሲነገር ጥፋተኛው ግልጽ ይመስላል፤ ሴት ልጅ መጻፏን ያልታገሠ፣ በሩን በራሱ ላይ የዘጋ ማኅበረሰብ። ይህ አጭር ጽሑፍ የገጣሚዋን ሕይወት ከዘመኑ የመንግሥት ፖሊሲ ጋር አጣምሮ በማየት፣ የተለመደው አተራረክ ራሱ በተዘዋዋሪ ሕዝቦች ላይ ከኖረው ጭፍን ጥላቻ ምን ያህል እንደተበደረ ለማሳየት ይሞክራል።

አስቀድሞ ስለ ቃላት ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። «ጂፕሲ» የሚለው ቃል መነሻው እነዚህ ሰዎች ከግብጽ የመጡ ናቸው የሚል የቆየ ስሕተት ነው፤ የቋንቋ ጥናት ያረጋገጠው ግን ቋንቋቸው ከሰሜን ሕንድ ቋንቋዎች ጋር እንደሚዛመድ ነው። ሕዝቡ ራሱን «ሮማ» ይላል፤ ከጣሊያኗ ከተማ ስም ጋር እንዳይምታታ እዚህ ሮማኒዎች ብያለሁ። «ዘላን» የሚለውን ደግሞ ሆን ብዬ ትቼዋለሁ። ቃሉ በእኛ አነጋገር ሥርዐት የለሽነትን እየጠቆመ ለስድብ ሲውል ኖሯል።

ፓፑሻ የተወለደችው በዛሬዪቱ ፖላንድ ምሥራቃዊ ክፍል፣ በሉብሊን አካባቢ ነው። የልደት ዓመቷን አንዳንድ ጽሑፎች 1908፣ ሌሎች 1910 ይላሉ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ስሟ በሮማኒ ቋንቋ አሻንጉሊት ማለት ነው። ወገኖቿ በፈረስ በሚጎተቱ ሠረገላዎች ከመንደር መንደር እየተዘዋወሩ ሃርፕ የሚባለውን ትልቅ ባለአውታር መሣሪያ በመጫወት የሚተዳደሩ ሙዚቀኞች ነበሩ። ዝውውሩ ከውጭ ለሚያየው መድረሻ የሌለው መንከራተት ቢመስልም የራሱ ወቅትና መንገድ ነበረው፤ በጋውን በጉዞ፣ ክረምቱን አንድ ቦታ በማረፍ የሚያልፍ የኑሮ ዘይቤ ነበር።

ማንበብ የተማረችበት መንገድ በሁሉም የሕይወት ታሪኮቿ ውስጥ ይገኛል። ጓዙ ባረፈበት ስፍራ የመንደር ልጆችንና አንዲት አይሁዳዊት ባለሱቅ ፊደል እንዲያስቆጥሯት ትለምን ነበር፤ ክፍያው ዶሮ ነበር። ዶሮዎቹ የተሰረቁ እንደነበሩ ይነገራል። ታሪኩን የሚደግሙ ጸሐፊዎች ይህቺን ዝርዝር ፈጽሞ አይረሷትም፤ ተንቀሳቃሽ ለሆነች የሮማኒ ልጅ የተከፈተ ትምህርት ቤት አለመኖሩን ግን በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልፉታል። በቤተሰቧም ዘንድ ንባቧ አልተወደደላትም። ገና ልጅ ሳለች በዕድሜ እጅግ ለሚበልጣት የሃርፕ ተጫዋች፣ ለዲዮኒዚ ቫይስ፣ ተዳረች። ከአብራኳ ልጅ አልወለደችም፤ አንድ ሕፃን በማደጎ አሳደገች። በሃርፕ እየታጀበች ዜማና ግጥም ከአፏ እየፈጠረች ማዜም የጀመረችውም በዚሁ ዘመን ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቤተሰቡ በቮሊኒያ ጫካዎች ተደብቆ ከጀርመን ጦርና ከዩክሬን ብሔርተኛ ታጣቂዎች ለመትረፍ ሞከረ። ብዙ ዘመዶቿ አልተረፉም። «የደም እንባ» በሚል ርእስ የሚታወቀው ረጅም ግጥሟ በረሃብ፣ በብርድና በፍርሃት ያለፉትን የ1943ና የ1944ን ወራት የሚዘግብ ነው።

ለዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ አንድ ነገር እዚህ ላይ መጨመር ግድ ይላል። በጀርመን በሮማኒዎች ላይ የደረሰው እልቂት የጀመረው በጠመንጃ አልነበረም፤ በጥናት ነው። ከ1936 ጀምሮ በሮበርት ሪተር የተመራው የዘር ምርምር ተቋም የሮማኒዎችንና የሲንቲዎችን የትውልድ ሐረግ እየቆጠረ ወደ 24,000 የሚጠጉ ሰዎችን በዘር መደበ። ረዳቱ ኤፋ ዩስቲን የሰዎቹን አመኔታ ያገኘችው ቋንቋቸውን በመናገሯ ጭምር ነበር። ወደ ኦሽቪትዝ-ቢርከናው የተጋዙት ሮማኒዎችና ሲንቲዎች 23,000 ያህል ሲሆኑ፣ 21,000 የሚሆኑት እዚያው አለቁ። ከዚያ ዘመን የተረፈ ሰው ቋንቋውን የሚማርና ልማዱን የሚመዘግብ እንግዳ ሲያይ ቢጠራጠር ምክንያት አልነበረውም ማለት አይቻልም።

በ1949 ዬዢ ፊትሶቭስኪ የተባለ ወጣት ገጣሚ፣ የዋርሶ ዐመፅ ተዋጊ የነበረ፣ ከፖላንድ የጸጥታ ፖሊስ ለመሸሸግ ከፓፑሻ ጓዝ ጋር ተቀላቀለ። ተሰጥኦዋን ያየው እርሱ ነው። የምታዜመውን በወረቀት እንድታሰፍር አደፋፈራት፤ እርሷም በራሷ አጻጻፍ በሮማኒ እየጻፈች በደብዳቤ ትልክለት፣ እርሱም ወደ ፖላንድኛ ይመልሰው ጀመር። ስመ ጥሩው ገጣሚ ዩሊያን ቱቪምም ሥራዎቿን ወደደላት። በ1950 ግጥሞቿ «ፕሮብሌሚ» በተባለ መጽሔት ወጡ። አብሯቸው የታተመው የፊትሶቭስኪና የቱቪም ጭውውት ግን ስለ ተዘዋዋሪነት ጉዳትና ስለ መስፈር ጥቅም የሚያትት ነበር። ስለ ጫካና ስለ መንገድ ያዜመችው ሴት ሳታስበው መንገዱ እንዲዘጋ ምስክር ሆና ቀረበች።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ተፋጠነ። በግንቦት 1952 የፖላንድ መንግሥት ሮማኒዎች ወደ ቋሚ ኑሮ እንዲሸጋገሩ መርዳትን የሚመለከት ውሳኔ አወጣ፤ ሰነዱ የተጻፈው በእርዳታ ቋንቋ ነው። በ1953 ፊትሶቭስኪ ስለ ፖላንድ ሮማኒዎች ያዘጋጀው መጽሐፍ ታተመ። መጽሐፉ የሕዝቡን ልማዶችና እምነቶች የገለጸ ከመሆኑም በላይ የሮማኒ ቃላት መፍቻ ነበረው፤ የመጀመሪያው እትም ለማስፈር ፖሊሲው የቀና አመለካከት ነበረው። ፓፑሻ የሚሆነውን ስለተረዳች ኅትመቱ እንዲቆም ተማጸነች፤ ልመናዋ ግን አልተሰማም። ባሮ ሼሮ፣ ትርጉሙም ትልቁ ራስ፣ በተባለው የማኅበረሰቡ ዳኛ ፊት ክስ ቀረበባትና ከወገኖቿ ተለየች። ደብዳቤዎችንና ግጥሞችን አቃጠለች፤ በአእምሮ ሕመምም ለወራት ሆስፒታል ተኛች።

ፍርዱ ጨካኝ ነበር። ያልጻፈችውን መጽሐፍ ኃላፊነት የተሸከመች እርሷ ብቻ ነች፤ በዕድሜዋም ሙሉ አልተነሣላትም። ይሁንና የፍርዱን ጭካኔ በሮማኒዎች ጠባይ ብቻ ማስረዳት የታሪኩን ግማሽ መጣል ነው። ማኅበረሰቡ የፈራው ነገር፣ ስለ እርሱ የሚሰበሰበው ዕውቀት እርሱን ለመቈጣጠር ይውላል የሚለው፣ በ10 ዓመት ውስጥ በርካታ ማስረጃ አገኘ። ፊትሶቭስኪን በተንኮል መክሰስም አይገባም፤ የብሩኖ ሹልትዝን ሥራዎች ከመጥፋት ለማዳን ዕድሜውን የሰጠ፣ ሮማኒዎችንም ከልቡ የወደደ ሰው ነበር። ችግሩ ፍቅሩ ራሱ፣ መስፈር መሠልጠን ነው የሚለውን የዘመኑን እምነት ሳይመረምር መቀበሉ ላይ ነው። በእኔ አስተያየት ይህ ዓይነቱ በጎ ፈቃድ ከግልጽ ጥላቻ ይልቅ ለተመራማሪ ያስቸግራል፤ ምክንያቱም በማኅደሩ ውስጥ ራሱን የሚገልጠው እንደ ወዳጅነት ነው።

የግጥሞቿ ስብስብ በ1956 ታተመ፤ በ1962 የፖላንድ ደራስያን ማኅበር አባል ሆነች። በ1964 መንግሥት በኋላ «ታላቁ ማስቆም» የተባለውን ዘመቻ ጀመረ። ተዘዋዋሪነት በነዋሪነት ምዝገባ፣ በልጆች ትምህርት፣ በእሳት ጥንቃቄና በትራፊክ ደንቦች ሰበብ ሰዎችን በመቅጣት እንዳይቻል ተደረገ። ጋሪ ይዞ መንገድ ላይ መውጣት ብቻውን ከአንድ በላይ ደንብ መተላለፍ ሆነ።

ፓፑሻ ይህን ሁሉ ያየችው ቀድማ በሰፈረችበት በጎዡፍ ከተማ ነው። ግጥም መጻፉን በአብዛኛው ትታ ነበር፤ ወገኖቿ አይጠይቋትም፣ ፖላንዳውያን ጎረቤቶቿም የሚያዩአት እንደ ጂፕሲ ነበር። ባሏ በ1972 ከሞተ በኋላ በ1981 ወደ ኢኖቭሮትስዋፍ፣ ወደ ዘመዶቿ ተዛወረች፤ እዚያው በየካቲት 8 ቀን 1987 ዐረፈች። በ2013 ሕይወቷ በፊልም ተሠራ።

ለአጥኚዎች የተረፈው ከእሳቱ ያመለጡት ጥቂት ግጥሞችና ለፊትሶቭስኪ የጻፈቻቸው ደብዳቤዎች ናቸው። ይህም ማለት ፓፑሻን ለረጅም ጊዜ ያነበብናት በእርሱ ምርጫ፣ በእርሱ የስንኝ አከፋፈልና በእርሱ ትርጉም ነው። «የደም እንባ» እንኳ የሚታወቀው እርሱ ባሳጠረው መልክ ነበር። የረጅሙ ግጥም ያልተቈረጠ የእጅ ጽሑፍ ከጥናትና ከትርጉም ጋር የታተመው በ2024፣ ከሞተች ከ37 ዓመት በኋላ ነው።