ሊቁ ላርስ ኦንሳገርና የማይታየው አዙሪት

ክረምት በገባ ጊዜ ከእንጦጦ ተራራ የሚወርደውን ጎርፍ በቀጨኔ ወንዝ ዳር ቆሞ የተመለከተ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ውኃው በድንጋይ መካከል ሲያልፍ ይዞራል፤ ገለባውና ቅጠሉም ወደ አዙሪቱ መካከል ተስቦ አብሮ ይሽከረከራል። ውኃው ድፍርስ ስለ ሆነ የአዙሪቱን ሥፍራ የሚያሳየን ገለባው ነው። እኔም ዛሬ ታሪኩን ባጭሩ ልጽፍላችሁ ያሰብሁት ሊቅ፣ ማንም በዓይኑ ያላየውን አዙሪት በሐሳቡ ያገኘ ሰው ነው። በጽሑፌ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ላርስ ኦንሳገር ዛሬ ኦስሎ በምትባለው የኖርዌይ ዋና ከተማ ኖቬምበር 27 ቀን 1903 ተወለደ። በትሮንድሄም ከተማ የኬሚካል ምሕንድስና ተምሮ በ1925 ጨረሰ። ገና ተማሪ ሳለ ፒተር ደባይ የተባለው ዕውቅ ሊቅ፣ ጨው የሟሟበት ውኃ ኤሌክትሪክን እንዴት እንደሚያስተላልፍ ያወጣውን ትምህርት መርምሮ ስሕተት አገኘበት። ስለዚህም ወደ ዙሪክ ሄዶ፣ ከደባይ ቢሮ ገብቶ፣ ስሕተቱን ፊት ለፊት ነገረው። ደባይም ነገሩን ከተከራከረበት በኋላ ወጣቱን ረዳቱ አድርጎ ቀጠረው።

በ1928 ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎችን ኬሚስትሪ እንዲያስተምር ተመደበ። ነገር ግን ትምህርቱ ለተማሪዎቹ እጅግ ስለ ከበዳቸው ብዙ ሳይቆይ ተሰናበተ። ከዚያ በብራውን ዩኒቨርሲቲ ተቀጠረ፤ በዚያም የሚያስተምረውን የሚከታተሉ ጥቂቶች ነበሩ። በ1931 ሙቀትና ኤሌክትሪክን የመሳሰሉ ፍሰቶች አንዱ በሌላው ላይ የሚያደርጉት ተጽዕኖ እኩል መሆኑን የሚያስረዳ ሕግ አሳተመ። ይህንኑ ሥራ ለዶክተርነት ማዕርግ ወደ ተማረበት ትምህርት ቤት ቢልከው፣ አይበቃም ተብሎ ቀረ። በ1933 በኢኮኖሚው ድቀት ምክንያት ከብራውንም ወጣ። የዬል ዩኒቨርሲቲ ተቀበለው፤ በ1935ም በሌላ የሒሳብ ሥራ ዶክተር አደረገው። አይበቃም የተባለው የ1931 ሥራ ግን በ1968 የኖቤል ሽልማት አስገኘለት።

አሁን ወደ አዙሪቱ እንመለስ። ሂሊየም የተባለው ጋዝ ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ፈሳሽ ይሆናል። ወደ 271 ዲግሪ ሲወርድ ደግሞ ጠባዩ ይለወጥና በጠባብ ቀዳዳ ሳይቀር ያለ አንዳች መጎተት ያልፋል። ይህንን በ1938 ካፒትሳ በሞስኮ፣ አለንና ማይዝነር በካምብሪጅ ገለጹ። ኦንሳገር በ1949 በኢጣልያ በፍሎረንስ ከተማ በተደረገ የሊቃውንት ስብሰባ ላይ፣ ሌላ ሰው ከተናገረ በኋላ ተነሥቶ አንድ አጭር አስተያየት ሰጠ። የአስተያየቱ ፍሬ ነገር እንዲህ ነው። በወንዝ ያለ አዙሪት እንደ ወደደ ሊበረታ ወይም ሊደክም ይችላል፤ በዚህ ፈሳሽ ያለ አዙሪት ግን በተወሰነ ልክ ብቻ ይዞራል። ዕንቁላል በገበያ በቁጥር እንጂ በግማሽ እንደማይሸጥ፣ ይህም አንድ ልክ፣ ሁለት ልክ እየተባለ ይቈጠራል። ልኩም የፕላንክ ቁጥር ለአንድ የሂሊየም አቶም መጠነ ቁስ ሲካፈል የሚገኘው ነው።

በ1955 ሪቻርድ ፋይንማን በራሱ መንገድ እዚያው ሐሳብ ላይ ደርሶ አስፋፋው። በ1961 ቫይነን የተባለ የካምብሪጅ ሊቅ በሚዞር ሂሊየም ውስጥ ቀጭን ሽቦ አስንዝሮ ልኩን ለካ። ኦንሳገርም ኦክቶበር 5 ቀን 1976 በፍሎሪዳ አረፈ።

ከሞተ 30 ዓመት በኋላ፣ በ2006፣ በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ቢውሊ፣ ላትሮፕና ስሪኒቫሳን የበረዶ ሃይድሮጅን ደቃቅ ቅንጣቶችን በሂሊየሙ ውስጥ በተኑ፤ ብርሃን ሲያበሩበትም ቅንጣቶቹ በቀጭን ክር ላይ እንደ ተሰካ ዶቃ ተሰልፈው ታዩ። ምክንያቱም ወደ አዙሪቱ መካከል በተጠጋን መጠን ፈሳሹ ይፈጥናል፣ ግፊቱም ይቀንሳል፤ ስለዚህ ቅንጣቱ ወደ መካከል ተገፍቶ ይያዛል። የአዙሪቱ እምብርት ስፋት አንድ አቶም ያህል ስለ ሆነ በዓይን አይታይም፤ የያዘው ቅንጣት ግን ያጋልጠዋል። ይሁን እንጂ ቅንጣቱ ራሱ ለክሩ ሸክም ነውና እንቅስቃሴውን ይለውጥበታል፤ መርማሪውም ይህን ማሰብ አለበት።

ከዚህ ሰው ሕይወት እኛ ተማሪዎች ምን እንማራለን? በክፍል ውስጥ መልሱን እያወቀ ማስረዳት የሚያቅተው ጓደኛ ሁላችንም አለን፤ አንዳንዴም እንስቅበታለን። ኦንሳገርም ንግግሩን አቅልሎ ቢያስረዳ ኖሮ ብዙ ድካም በቀረለት ነበር፤ ይህን ጉድለቱን መሸፈን አይገባም። ዳሩ ግን ሰሚዎቹም ደባይ እንዳደረገው ቢታገሡት ኖሮ ያን ሁሉ ዓመት ባልጠበቁ ነበር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። እስኪጠራ ድረስ ግን የሚያውቀው ለማስረዳት ይትጋ፣ ያልገባውም ለመስማት ይታገሥ።